ከዕድር ድንኳን ማዶ

ጥቅምት 11 ቀን 2017 ዓ.ም. ምሽት መርካቶ ሸማ ተራ በእሳት ተያያዘ። እሳቱ የተነሣበት ነባሩ የገበያ ማዕከል ሱቅ ከሱቅ ተደጋግፎ የቆመበት ሰፈር ነው፤ መተላለፊያው ጠባብ በመሆኑ የእሳት አደጋ መኪኖች እንደልብ ለመግባት ተቸግረው ነበር። ዕድሜ ልክ የተለፋበት ጨርቅ በአንድ ሌሊት ዐመድ ሆነ። መርካቶን የሚያውቅ ሰው እንዲህ ያለ አደጋ ሲደርስ ቀጥሎ የሚመጣውንም ያውቃል። ዕቁብተኛው የተቃጠለበትን ሰው ዕጣ ያስቀድምለታል። አስመጪው የዱቤውን ቀን ያራዝምለታል። እሳቱ ያልደረሰበት ጎረቤት ከመደርደሪያው ግማሹን ለቆ "እስክትነሣ እዚህ ሽጥ" ይለዋል። ማንም ሰው ለምን እንደሚሰጥ ማብራሪያ አይጠይቅም።

በዚያው ሰሞን ሌሎች ሦስት ነገሮች ሆኑ። በኅዳር ወር የሲቪል ማኅበረሰብ ድርጅቶች ባለሥልጣን በመብት ጉዳይ የሚሠሩ ሦስት ድርጅቶችን ማለትም የመብቶችና ዴሞክራሲ ዕድገት ማዕከልን (ካርድን)፣ ስብስብ ለሰብአዊ መብቶች በኢትዮጵያንና የሕግ ባለሙያዎች ለሰብአዊ መብቶችን አገደ። በዚያው ኅዳር ከደረሰኝ ቁጥጥር ጋር በተያያዘ ወሬ የመርካቶ ሱቆች ተዘግተው ዋሉ። ጥር 12 ቀን ደግሞ አዲሱ የአሜሪካ ፕሬዚዳንት የውጭ ዕርዳታን ለ90 ቀን የሚያግድ ትእዛዝ ፈረሙ፤ ስድስት ወር ሳይሞላ፣ ሰኔ 24፣ ዩኤስኤይድ የሚባለው የአሜሪካ የዕርዳታ ድርጅት እንደ ድርጅት ከሰመ። የጤና ሚኒስቴር በዚያ ገንዘብ ይከፈላቸው የነበሩ 5,000 የጤና ሠራተኞችን ውል ለማቋረጥ የተገደደው ገና በመጀመሪያዎቹ ቀናት ነበር። በመብት፣ በዕርቅና በጋዜጠኝነት ላይ ይሠሩ የነበሩ ድርጅቶችም ፕሮጀክታቸው መሐል መንገድ ላይ ቆመ።

ለእሳቱ መርካቶ የሚያደርገውን ያውቅ ነበር። ለቀሩት ሦስቱ ግን የሚዋጣበት ደብተር፣ የሚሰበሰብበት ድንኳን፣ የሚጠራ ዳኛ አልነበረም። ይህ ጽሑፍ የሚያብራራው ይህን ክፍተት ነው። ለሠራተኛ መብት፣ ለሰላምና ለነፃ ጋዜጠኝነት የሚሰጥ ገንዘብ ምን ይሠራል? እስከ ዛሬ ከየት መጣ? ለምንስ ከመርካቶ አልመጣም?

መጀመሪያ ሰጪነትን እንለይ፤ ሁሉንም "በጎ አድራጎት" በሚለው አንድ ቃል ስንጠራው ልዩነቱ ይጠፋብናልና። ዕድር የመድን ዓይነት ነው። በየወሩ ትከፍላለህ፤ ሐዘን ሲደርስብህ ድንኳኑ ይተከላል፣ ወንበሩ ይደረደራል፣ ሰው አብሮህ ያመሻል። ያልከፈለ አይቀበልም፣ ለቀብር ያልወጣ ይቀጣል። ዕቁብ ደግሞ ቁጠባ ነው፤ ዋስ ጠርተህ ዕጣህን ትወስዳለህ፣ እስከ መጨረሻው ትጥላለህ። ምጽዋትና ዘካ ከእነዚህ ሁለቱ ይለያሉ፤ ለማታውቀው ሰው፣ ለነፍስህ ብለህ የምትሰጠው ነው። ሦስቱም በመርካቶ ሥር የሰደዱ ናቸው። የራጉኤል ቤተ ክርስቲያንና የአንዋር መስጊድ በቅርብ ርቀት ቆመው ከሁለቱም ደጃፍ የሚመጸወተው ገንዘብ ቢቆጠር ብዙ ድርጅቶችን ያስቀናል።

አራተኛ ዓይነት መስጠትም አለ፤ ለእኔ ጉዳይ ቁልፉ እሱ ነው። በ1954 ዓ.ም. ገደማ በአዲስ አበባ የሚኖሩ የጉራጌ ተወላጆች፣ በተለይም የመርካቶ ነጋዴዎች፣ የጉራጌ መንገድ ሥራ ድርጅትን አቋቋሙ። ገንዘብ እያዋጡ፣ ከመንግሥት የአውራ ጎዳና መሥሪያ ቤት ጋር እየተደራደሩ አገራቸውን ከዋናው መንገድ ጋር የሚያገናኝ ጥርጊያ አስከፈቱ። ልብ በሉ፤ መንገድ የተቸገረ ሰውን አያበላም፣ የሞተንም አይቀብርም። ባለመኪናውም ባለአህያውም፣ ያዋጣውም ያላዋጣውም እኩል ይሄድበታል። የሰጠው ሰው ስሙ መንገዱ ላይ አይጻፍም። ያም ሆኖ ሰዎች ሰጡ፤ መንገድ ከሌለ እህሉ ገበያ እንደማይደርስ፣ በሽተኛው ሆስፒታል እንደማይደርስ፣ ልጁም ተምሮ እንደማይመለስ ያውቁ ነበርና። የችግሩን ውጤት ከመታገል ምንጩን መታገል ይሻላል ብለው ነበር ማለት ነው።

ለመብት፣ ለሰላምና ለእውነተኛ ዜና መስጠት የዚህ የአራተኛው ቤተሰብ ነው። መንገድ ነው። የማይታይ መንገድ በመሆኑ ብቻ ይከብዳል።

የማይታየውን ለማየት ከሠራተኛው እንጀምር። በአንድ የመርካቶ ጅምላ መሸጫ የተቀጠረ ወጣት አስቡ። ሱቅ ይከፍታል፣ ዕቃ ያወርዳል፣ ይሸጣል፣ ማታ ይዘጋል። የጽሑፍ ውል የለውም። አንድ ቀን ከባለቤቱ ጋር ተጣልቶ "ከነገ ጀምሮ እንዳትመጣ" ይባላል። ይህ ወጣት ብዙ መብት አለው፤ ችግሩ ብዙውን አለማወቁ ነው። በ2011 ዓ.ም. የወጣው የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156 የሥራ ሰዓቱን በቀን ከ8፣ በሳምንት ከ48 እንዳይበልጥ ይገድባል። ከዚያ በላይ በቀን ለሠራበት የሰዓቱን አንድ ተኩል እጥፍ፣ በሳምንት ዕረፍቱ ቀን ለሠራበት ሁለት እጥፍ፣ በበዓል ቀን ለሠራበት ሁለት ተኩል እጥፍ ይገባዋል። በዓመት ከ16 የሥራ ቀን ያላነሰ ዕረፍት አለው። ውል በቃል ቢሆንም ውል ነው። ሕጉ ግን የጊዜ ገደብ አለው። ወደ ሥራዬ ልመለስ የሚል ሠራተኛ በሦስት ወር ውስጥ፣ የደመወዝና የትርፍ ሰዓት ክፍያ የሚጠይቅ በስድስት ወር ውስጥ ካልከሰሰ ጥያቄው በይርጋ ይታገዳል። ወጣታችን "ትንሽ ይብረድለትና ሽማግሌ እልካለሁ" እያለ ሲጠብቅ ሦስት ወር ማለፉ ቀላል ነው። ያጣው ነገር ፍርድ ቤት ተከራክሮ የተሸነፈበት አይደለም፤ ቀኑን የሚነግረው ሰው አጥቶ ያመለጠው ነው።

ስለዚህ "ለሠራተኛ መብት የሚሰጥ ገንዘብ" ሲባል በአብዛኛው የሚከፈለው ለዚህ ነው። አንድ የሕግ ባለሙያ በሳምንት ሁለት ቀን በር ከፍቶ ይጠብቅ ዘንድ። ሕጉ በቀላል አማርኛ ታትሞ ይታደል ዘንድ። ከአሠሪው ጋር የሚነጋገር የሠራተኛ ወኪል ይሠለጥን ዘንድ። መርካቶን የሚመለከት አንድ ተጨማሪ ነገርም በአዋጁ አለ። የሠራተኛ ማኅበር ለማቋቋም በአንድ ድርጅት ቢያንስ አሥር ሠራተኞች ያስፈልጋሉ፤ የመርካቶ ሱቅ ደግሞ በአብዛኛው ሁለት ወይም ሦስት ሰው ነው የሚቀጥረው። ሕጉ ይህን አስቦበታል፤ ከአሥር በታች ሠራተኛ ያላቸው የተለያዩ ድርጅቶች ሠራተኞች፣ ቁጥራቸው ከአሥር እስካላነሰ ድረስ፣ ተሰባስበው ጠቅላላ ማኅበር መመሥረት ይችላሉ። በሩ ክፍት ነው። በሩን አልፎ የሚገባ ግን ሰብሳቢ፣ ቢሮ፣ ጊዜ ይፈልጋል፤ ቀኑን ሙሉ ከጆንያ ጋር የዋለ ሰው እነዚህን ሦስቱን አያገኝም።

ጫኝና አውራጁን ብናነሳ ደግሞ ነገሩ የበለጠ ይጠባል። ጠዋት ለአንዱ፣ ከሰዓት ለሌላው የሚሸከም ሰው አሠሪው ማን ነው? የሥራ ውል የሚለው ሐሳብ አንድን ሰው ለአንድ አሠሪ አመራር ስለሚያስገዛ ኩሊው በሕጉና በገበያው መሐል ተንጠልጥሎ ይቀራል። ወገቡ የተጎዳ እንደሆነ የሚደርስለት ጓደኛው ነው። ይህን ክፍተት የሚያጠና፣ የሚያሳይ፣ ሕግ አውጪው ዘንድ የሚያደርስ ድርጅት ያስፈልጋል። እንዲህ ያለ ሥራ ሪባን የሚቆረጥለት ውጤት የለውም፤ ብዙ ጊዜም ዓመታት ይፈጃል።

የገንዘቡ ምንጭ ጥያቄ አዲስ አይደለም። የኢትዮጵያ ሠራተኞች አንድነት ማኅበር (ኢሠአማ) በ1955 ዓ.ም. ሲመሠረት ኢትዮጵያ የመደራጀትና የኅብረት ድርድር መብትን የሚመለከቱትን የዓለም የሥራ ድርጅት ስምምነቶች ቁጥር 87 እና 98 በዚያው ዓመት ተቀብላ ነበር። የአባላቱ መዋጮ ግን ማኅበሩን በእግሩ የሚያቆም አልነበረም። ሥልጠናውንና ድጋፉን በከፊል ያገኘው ከነፃ የሠራተኛ ማኅበራት ዓለም አቀፍ ኮንፌዴሬሽንና የአሜሪካ ሠራተኞች ማኅበር ካቋቋመው የአፍሪካ–አሜሪካ የሠራተኛ ማዕከል ነበር። ዘመኑ የቀዝቃዛው ጦርነት ዘመን ነውና ይህ ድጋፍ በነፃ አልመጣም፤ በተለይ ግራ ዘመሙ ተማሪና ምሁር ማኅበሩን በአሜሪካ ኪስ ውስጥ ነው ሲል ከሰሰው። ክሱ መሠረት የሌለው አልነበረም፤ ነገር ግን ሙሉውንም እውነት አይናገርም። ከየካቲት 28 እስከ መጋቢት 2 ቀን 1966 ዓ.ም. አገሪቱን ቀጥ ያደረገውን ጠቅላላ የሥራ ማቆም አድማ የጠራው ይኸው ማኅበር ነው። ለአድማው ደመወዙን የከፈለው የውጭ ለጋሽ ሳይሆን ከሥራው የቀረው ሠራተኛ ራሱ ነበር። ከዚህ ታሪክ የምረዳው ይህን ነው፦ የውጭ ገንዘብ ሊያስተምር፣ ሊያሠለጥን፣ ቢሮ ሊከራይ ይችላል፤ ጉልበቱ ግን ከአባሉ ብቻ ነው የሚወጣው። አባሉ ሲያዋጣ የድርጅቱ ባለቤት ይሆናል፤ ባለቤት ሲሆን ደግሞ ለድርጅቱ ይቆማል። ደርግ ማኅበሩን በ1968 ዓ.ም. ሲያፈርሰው የተቆረጠው የሕግ ሰውነቱ ብቻ አልነበረም፤ ያ ገና እየጀመረ የነበረ የባለቤትነት ልምድም ነው።

ይህን የተማርን ይመስል ነበር፤ በ2001 ዓ.ም. ግን ትምህርቱ ተገልብጦ ሕግ ሆነ። የበጎ አድራጎት ድርጅቶችና ማኅበራት አዋጅ ቁጥር 621 የተወሰኑ ሥራዎችን ለኢትዮጵያውያን ድርጅቶች ብቻ ለየ። ዝርዝሩ የሰብአዊና ዴሞክራሲያዊ መብቶችን ማስፋፋት፣ የብሔር፣ የፆታና የሃይማኖት እኩልነትን፣ የአካል ጉዳተኞችንና የሕፃናትን መብት፣ ግጭት መፍታትንና ዕርቅን፣ የፍትሕ አካላትን አሠራር ማሻሻልን ያካትት ነበር። ኢትዮጵያዊ ድርጅት ለመባል ደግሞ ከውጭ የሚገኘው ገንዘብ ከጠቅላላው ገቢ ከ10 በመቶ መብለጥ የለበትም። ጉድጓድ መቆፈር፣ ክሊኒክ መክፈት፣ ዘር ማደል ግን በውጭ ገንዘብ ይቻላል። መብትህን ማወቅና ከጎረቤትህ መታረቅ ከውኃ ጉድጓድ ተለይቶ የአገር ሉዓላዊነት ጉዳይ ሆነ ማለት ነው።

የሕጉ አርቃቂዎች ያቀረቡት ምክንያት ዝም ብሎ የሚጣል አይደለም። የአገር ፖለቲካ በውጭ ገንዘብ መዘወር የለበትም፤ የመብት ድርጅት ከሕዝቡ መዋጮ መኖር አለበት የሚል ነው። ሁለተኛውን ሐረግ እኔም እጋራዋለሁ። ግን አንድ ነገር ልብ እንበል። ሕዝቡ ለመብት ድርጅት እንዲሰጥ የሚያደርግ ልማድም ሆነ በቂ የሽግግር ጊዜ ሳይዘጋጅ ቧንቧው ተዘጋ። ውጤቱ ወዲያው ታየ። በ1984 ዓ.ም. በፕሮፌሰር መስፍን ወልደማርያምና ጓደኞቻቸው የተመሠረተው የኢትዮጵያ ሰብአዊ መብቶች ጉባኤ (ኢሰመጉ) የባንክ ሒሳቡ በ2002 ዓ.ም. ታገደ፤ ከ12 ቢሮዎቹ ዘጠኙን ዘጋ። የኢትዮጵያ ሴት የሕግ ባለሙያዎች ማኅበር ሒሳብም እንዲሁ ታገደ፤ ባሏ የደበደባት፣ ከንብረት ድርሻዋ የተባረረች ሴት ነፃ የሕግ ምክር ታገኝበት የነበረው በር ጠበበ። የመርካቶ ጉልት ሻጭ ይህን አዋጅ በስሙ አታውቀው ይሆናል። በሩ ላይ የተሰቀለውን ቁልፍ ግን አይታለች።

የአውሮፓ ኅብረት ከመንግሥት ጋር ተስማምቶ የፈጠረው የሲቪል ማኅበረሰብ ፈንድ እንደ አገር ውስጥ ገንዘብ እንዲቆጠር መደረጉ የተወሰነ መተንፈሻ ሰጠ። በዚያ መተንፈሻ የኖሩ ድርጅቶች ነበሩ። ሆኖም ከውጭ የመጣ ብር በስምምነት "አገርኛ" ተብሎ ሲመዘገብ ችግሩ አልተፈታም፤ ስሙ ብቻ ተለወጠ።

አዋጅ ቁጥር 1113 በ2011 ዓ.ም. ሲወጣ የ10 በመቶው ገደብ ተነሣ፤ ድርጅቶች ከአገር ውስጥም ከውጭም ገንዘብ አሰባስበው በመረጡት ሕጋዊ ዓላማ መሥራት ቻሉ። ትልቅ እፎይታ ነበር። ነገር ግን ከዚያ በኋላ የሆነውን በቅንነት መናገር አለብን፤ ብዙዎቹ ድርጅቶች ፊታቸውን ወደ ውጭ ለጋሽ መለሱ። ለጋሹ ፕሮጀክት ይፈልጋል፣ በእንግሊዝኛ የተጻፈ ሪፖርት ይፈልጋል፣ በሦስት ዓመት የሚለካ ውጤት ይፈልጋል። ይህን ሁሉ የሚያሟላ ድርጅት የመርካቶን ነጋዴ ለማስረዳት ጊዜ አይኖረውም። ጥር 2017 ሲመጣ ይህ አኗኗር ምን ያህል ደካማ እንደነበር ታየ። ከእኛ ሕግ አውጪም ከእኛ ሕዝብም ውጭ የሆነ አንድ ፊርማ በሺዎች በሚቆጠር ማይል ርቀት ተፈርሞ የእኛን ሥራ አስቆመ። በ2002 መንግሥታችን ዘጋው፤ በ2017 ለጋሹ ዘጋው። ሁለቱንም ጊዜ ቁልፉ በድርጅቱ ተጠቃሚ እጅ አልነበረም።

የሰላሙ ጉዳይ ከሌሎቹ ይለያል፤ ምክንያቱም በመርካቶ ዕርቅ ያለ ገንዘብ ሲሠራ ኖሯል። በዱቤ የተጣሉ፣ በሱቅ ኪራይ የተካረሩ፣ በዕቁብ ዋስትና የተካሰሱ ነጋዴዎች ፍርድ ቤት ከመሄዳቸው በፊት ሽማግሌ ይገባል። የጉራጌ ነጋዴ የጆካ ቂጫን የመሰለ የዳበረ ባህላዊ ሕግ ይዞ ነው ከተማ የገባው። ሽማግሌ ደመወዝ የለውም፤ ክብሩ ደመወዙ ነው። ታዲያ ለሰላም ገንዘብ ለምን ያስፈልጋል? ሽምግልና የሚሠራው የሚተዋወቁ ሰዎች ሲጣሉ ነው። ባለጉዳዮቹ ሁለቱም አንድ ዕድር አላቸው፤ ነገም እዚያው ገበያ ይገናኛሉ፤ ሽማግሌውን እምቢ ማለት ያሳፍራል። የማይተዋወቁ ሰዎች በቋንቋና በሃይማኖት ተከፍለው ሲጣሉ፣ ወሬው በስልክ ሲዛመት፣ ሽማግሌ የሚሆን የጋራ ሰው አይገኝም። እንዲህ ላለው ጠብ መድረክ ማዘጋጀት፣ ሰዎችን ከሩቅ ማምጣት፣ ለወራት ማነጋገር ያስፈልጋል። በፕሮፌሰር ኤፍሬም ይስሐቅ የተመራው የሽማግሌዎች ቡድን በሐምሌ 1999 ዓ.ም. የታሰሩት የቅንጅት ፓርቲ መሪዎች እንዲፈቱ በማሸማገል ይህ ባህል በአገር ደረጃም ሊሠራ እንደሚችል አሳይቷል። ከዚያ በኋላ የተቋቋመው የኢትዮጵያ የሃይማኖት ተቋማት ጉባኤም የዚሁ ዓይነት ሥራ ነው። የራጉኤልና የአንዋር ጉርብትና ለዚህ ሥራ የሚያስተምረን ነገር ያለ ይመስለኛል፤ አንድ ግቢ አጠገብ ሆነው የሚገበያዩ ሰዎች የሰላማቸውን ዋጋ በየቀኑ ራሳቸው ይከፍላሉ፤ ሳይገናኙ የሚኖሩ ግን የሚገናኙበት ቦታ ሰው ካልከፈለላቸው አይገናኙም።

አሁን ወደ ኅዳሩ ወሬ ልመለስ፤ ነፃ ጋዜጠኝነት ለመርካቶ ምን እንደሚፈይድ ከእሱ የተሻለ ማስረጃ የለኝም። ከተማው ያለ ደረሰኝ በሚሸጥ ነጋዴ ላይ ቁጥጥሩን አጥብቆ ነበር፤ ቅጣቱ 100,000 ብር ነበር። በዚህ መሐል ደረሰኝ የሌለው ዕቃ ከሱቅና ከመጋዘን ይወረሳል የሚል ወሬ ተዛመተ። ሱቆች ተዘጉ። የገቢዎች ቢሮ ወሬው እውነት እንዳልሆነ ተናገረ። ነጋዴው ግን ማንን ይመን? መንግሥት ሲያስተባብል መንግሥት ነው፤ ማኅበራዊ ሚዲያው ሲያራግብ ማን እንደሆነ አይታወቅም። መሐል ላይ የጎደለው ቢሮውንም ነጋዴውንም ጠይቆ፣ መመሪያውን አንብቦ፣ አከፋፋዩ ለቸርቻሪው ለምን ደረሰኝ እንደማይሰጥ አጣርቶ የሚጽፍ ከሁለቱም ወገን ያልሆነ ዘጋቢ ነው። የዚያ ዘጋቢ የአንድ ሳምንት ደመወዝ ስንት ነው? አንድ ቀን ሱቅ ዘግቶ ከመዋል ያነሰ ነው።

ዘጋቢው የሌለበት ምክንያት ግልጽ ነው። ጋዜጣ በሽያጭ ብቻ አይኖርም፤ የወረቀትና የኅትመት ዋጋው ይበልጠዋል። በማስታወቂያ የሚኖር ደግሞ ማስታወቂያ የሚሰጠውን ይፈራል። በውጭ ለጋሽ የሚኖር የለጋሹን አጀንዳ ይከተላል ተብሎ ይጠረጠራል። በመንግሥት ግፊት የሚዘጋም አለ፤ በንባብ ወዳድ ትውልድ ይወደድ የነበረው አዲስ ነገር ጋዜጣ በኅዳር 2002 ዓ.ም. ቆሞ አዘጋጆቹ ተሰደዱ፤ የኢሰመጉ ሒሳብ ከታገደበት ሰሞን ጋር መግጠሙን ልብ ይሏል። በሌላው ዓለም ሁለት መንገዶች ተሞክረዋል። የእንግሊዙ ዘ ጋርዲያን ከ1936 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ትርፍ በማይከፋፈል የአደራ ተቋም ባለቤትነት ሥር ነው፤ በቅርብ ዓመታት ደግሞ አንባቢው በፈቃዱ የሚሰጠው ገንዘብ ትልቅ ምሰሶው ሆኗል። የአሜሪካው ፕሮፐብሊካ በ2008 እ.ኤ.አ. የተጀመረው በአንድ ባለሀብት ቤተሰብ ስጦታ ነው። በሁለቱም ጥያቄው አንድ ነው፤ ገንዘቡን የሰጠው ሰው ዜናውን እንዳይዝ ምን ይከለክለዋል? መልሱ አንድ ትልቅ ሰጪ ሳይሆን ብዙ ትንንሽ ሰጪ ሲኖር ነው። አንድ ሺህ ነጋዴ በወር 50 ብር ቢሰጥ በዓመት 600,000 ብር ይሆናል፤ ከሺህ አንዱ ቢቆጣና ቢወጣ ጋዜጣው አይወድቅም።

ታዲያ ለምን አይሰጥም? "ጋሼ፣ ለሰብአዊ መብት ድርጅት ያዋጣሉ?" ብለን አንድን የመርካቶ ነጋዴ ብንጠይቅ ብዙ ነገር በዝምታው ውስጥ እናገኛለን። አንደኛው ድካም ነው፤ በግድብ ስም፣ በልማት ስም፣ በበዓል ስም ሲያዋጣ ኖሯል፤ አንዳንዱን በደስታ፣ አንዳንዱን ሊቀር ስለማይችል። ሁለተኛው ፍርሃት ነው። ለሆስፒታል የሰጠ ሰው ፎቶ ይነሣል፤ ለመብት ድርጅት የሰጠ ሰው ስሙ የት ይመዘገብ ይሆን ብሎ ያስባል። ይህን ፍርሃት የተሳሳተ ነው ብሎ ማጣጣል አይገባም፤ ኅዳር 2017 ላይ ድርጅቶቹ ሲታገዱ ያየ ሰው ምክንያት አለው። ሦስተኛው ከሁሉም የሚብሰው ነው፤ አንዳንዱ ነጋዴ ራሱ አሠሪ ነው። የሱቅ ሠራተኛውን መብት የሚያስከብር ድርጅት የራሱን ደጅ ያንኳኳል። ይህ እውነተኛ የጥቅም ግጭት ነው፤ በስብከት አይፈታም። መልካሙ ነገር ነጋዴው የሰላሙና የዜናው ተጠቃሚ መሆኑ ነው፤ ስለዚህ በእነዚያ ቢጀመር ይሻላል። የሠራተኛው ግን ከሠራተኛው ራሱ፣ ከትንሽ መዋጮ መነሣት አለበት።

ብዙ ነጋዴ የማያውቀው አንድ የሕግ ነጥብም አለ። በ2008 ዓ.ም. የወጣው የገቢ ግብር አዋጅ ቁጥር 979 ለኢትዮጵያውያን የበጎ አድራጎት ድርጅቶችና ማኅበራት የተሰጠ ስጦታ ግብር ከሚከፈልበት ገቢ እስከ 10 በመቶ ተቀናሽ እንዲሆን ፈቅዶ ነበር። ተቀናሹ የሚጠቅመው የሒሳብ መዝገብ ለሚይዝ ነው፤ በቁርጥ ግብር የሚከፍለው ትንሽ ነጋዴ አይጠቀምበትም። ያም ሆኖ አንድ ትልቅ አስመጪ ደረሰኝ አስይዞ ለሕግ ምክር ቢሮ ቢሰጥ ሕጋዊ ነገር ነው፤ የሒሳብ ሠራተኛውን ማማከር ብቻ ይበቃዋል።

መዋቅሩን ከባዶ መፍጠርም አያስፈልግም። በ1990ዎቹ ኤችአይቪ አዲስ አበባን ሲያጠቃ ዕድሮች አንድ ከባድ ጥያቄ ገጠማቸው። አባላት በብዛት እየሞቱ ነው፣ ካዝናው እየተሟጠጠ ነው፣ ወላጅ አልባ ልጆች በየቤቱ ቀርተዋል። የዕድሩ ደንብ ደግሞ ለሙት እንጂ ለሕያው አይከፍልም። ብዙ ዕድሮች ተሰብስበው ደንባቸውን ቀየሩ፤ ለታመመው ማስታመሚያ፣ ለቀረው ልጅ ደብተር መስጠት ጀመሩ። ድንኳኑ የሚተከልበትን ምክንያት አሰፉት። ያኔም "ይህ የዕድር ሥራ አይደለም" ያሉ አባቶች እንደነበሩ አስባለሁ። ሊቀመንበሩ ደንቡን አነበበ፣ ገንዘብ ያዡ የካዝናውን ሒሳብ ተናገረ፣ ጸሐፊው የተነሣውን እጅ ቆጠረ፣ ቃለ ጉባኤው ተጻፈ፣ በሚቀጥለው ወር ለታመመው ተከፈለ።